ለእማዬ ጥርስ ነው በላት

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን ሰሞን እማዬ በስልክ ድምፄን ሰምታ «ልጄ መጠጥ ጀመረ» ብላ እንዳለቀሰች ነግረኸኝ አንጀቴን በላኸው። አልጠጣሁም። አንደበቴ የተያዘው ጉንጬ በውስጥ በኩል ተሰፍቶ ስለነበር ነው።

አጠገብህ ሰው ካለ ዘወር ብለህ አንብበው። ገና እዚህ ቨርጂኒያ እንደመጣሁ ሥራ ላይ ከመሰላል ተንሸራትቼ ብረት ላይ አንፈራጥጬ የወደቅኩት ትዝ ይልሃል? ለካ ሽንት ቧንቧዬ ውስጥ ጠባሳ ትቶብኝ ኖሯል። ሁለት ጊዜ በመሣሪያ አሰፉልኝ፣ ሁለቴም ተመልሶ ጠበበ። በዚህ ዕድሜዬ ሌሊት አራት አምስቴ እየተነሳሁ ጠብ ጠብ ሆነ ነገሩ። ሐኪሙ «ከጉንጭህ ውስጥ ወስጄ እዚያ እለጥፍልሃለሁ» ሲለኝ አስተርጓሚዋ የተሳሳተች መስሎኝ ደግማ እንድትጠይቀው አደረግኳት። የአፍ ሽፋን ፀጉር የለው፣ እርጥበት የለመደ፣ ቶሎ የሚይዝ ነው አሉ። ጫት እቅም እንደሆነም ጠየቀኝ፤ በጫትና በትምባሆ የተጎዳ ጉንጭ ለዚህ አይመችም።

ከጉንጬ የተወሰደችው ቁራጭ ርዝመቷ 5 ሳንቲሜትር፣ ወርዷ 2 የማይሞላ ነች። ከላይኛው መንጋጋ ትይዩ ምራቅ የሚወጣባት ቀዳዳ አለች፤ እሷን እንዳይነካ መጀመሪያ ምልክት አደረገባት። ከታችኛው ከንፈር ቢወስድ አገጬ ደንዝዞ ሊቀር ስለሚችል ጉንጭ ይሻላል አለ።

ታዲያ የታችኛውን ስፈራ ያሰቃየኝ አፌ ሆነ! ሳምንቱን በቀዝቃዛ ወተትና በእርጎ ገፋሁት። ሽንቴ እንዲወርድበት ያስገቡልኝ ቱቦ (ካቴተሩ) በ3 ሳምንቱ ወጣልኝ፣ አፌ ግን ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም ነበር። በዚያው ሰሞን ክርስትና ተጠርቼ ሄድኩ፤ የልጁ እናት የዶሮ ወጥ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። «በሞቴ!» ብትል ከየት ላምጣው? ጫፉን ብቻ ስቀበላት በርበሬው እንደ እሳት ለበለበኝ። እንባዬን አይታ «አገሩ ትዝ ብሎት ነው» አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። አፌ ተከፍቷል፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ጨምደድ አድርጎ ይይዘኛል። ሳንቲም የምታህል ቦታ እንደ ደነዘዘች ነች፤ ስበላ ሳላውቅ እነክሳታለሁ። ታችኛው ግን እንደ ልጅነቴ ሆኗል፤ ሌሊቱን ለጥ ብዬ ነው የማድረው።

ለእማዬ ጥርስ ነው በላት። በርበሬውን ትላክልኝ፣ ሚጥሚጣው ግን ለጊዜው ይቆይ።

ናፋቂህ ታናሽ ወንድምህ