ኪኒኑን እንዳታቋርጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደብረ ማርቆስ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። እህትሽ ከባሕር ዳር ተመልሳ የነገረችን ግን እንቅልፍ ነስቶናል። በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርበሽ፣ ፊትሽ አባብጦ፣ ድምፅሽ ጎርንኖ አገኘችሽ። ጸበል ከገባሽ ወዲህ የታይሮይድ ኪኒኑን ከተውሽ ከወር በላይ ሆኖሻል አለችን።

ኪኒኑን እንዳታቋርጪ ብዬሽ ነበር።

ያታለለሽ ነገር ይገባኛል። በተውሽ ሳምንት ምንም አልሆንሽም፣ ሁለተኛውም በደህና አለፈ፣ ዳንኩ አልሽ። ኪኒንሽ፣ ሌቮታይሮክሲን፣ እኮ ከደም ቶሎ አይወጣም። በ7 ቀን ገደማ ግማሹ ይቀንሳል፣ በሌላው 7 ቀን ደግሞ የቀረው ግማሽ። ያን ሰሞን አቁሞ ያስኬደሽ የድሮው ኪኒን ትራፊ ነው። እሱ ሲሟጠጥ ብርዱ፣ ድካሙ፣ የሆድ ድርቀቱ መጣ። አንገትሽ ላይ ሆርሞን ይሠራ የነበረው የታይሮይድ ዕጢሽ እንዳለ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ዕጢ የሌለው ሰው ሆርሞኑን ከየት ያመጣል? ጸበሉን አልከለክልሽም፤ ጠጪው፣ ተጠመቂው። ኪኒኑን ግን እንዳታቋርጪ።

አያትሽን አስቢያት። አንገቷ ላይ በረድፍ የተነቀሰችው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፣ እንቅርቱ ይጠፋል ተብሎም ነው። በእኛ ደጋ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ ዕጢው አዮዲን ሲያጣ የተገኘችውን ለመሰብሰብ ሲል ይተልቃል። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ጋቢ ደርባ ፀሐይ ላይ ትውል ነበር። ሲያናግሯት ቆይታ ነው የምትመልሰው። እርጅና ነው አልን፤ ሰነፈች ያላትም አለ። ሁላችንም እብጠቱን አየን፣ ብርዱን ልብ ያለው ግን አልነበረም። ደሟን እናስመርምር ያለ ሰው አልተገኘም፣ እኔም ጭምር። እህትሽ «ጋቢ ደርባለች» ስትለኝ የታየችኝ እሷ ናት።

አሁን ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ማቋረጥሽንም አትደብቂ። ከደበቅሽ ቲኤስኤችሽ፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ በደም ምርመራ ከፍ የሚለው ቁጥር፣ ከፍ ብሎ ሲታይ የኪኒኑ መጠን ያነሰ ይመስልና ይጨመርልሻል፤ ያኔ ደግሞ ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ፣ ንግግርሽ ከተምታታ ወይም ሰውነትሽ እጅግ ከቀዘቀዘ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመሽ። ቡናም ቢሆን ያን ያህል ይቆይ፣ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋልና። ካልሲየምና የብረት ኪኒን 4 ሰዓት ይራቁት። በጾም ጠዋት ውኃ አልቀምስም ካልሽ፣ ማታ ከራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ቆይተሽ ዋጪው፤ ጾሙ ለመተው ምክንያት አይሆንም። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ተለኪ። ኪኒኑን መስኮት ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪ።

ይህን ደግሞ ጻፍላት ያለችኝ እናትሽ ናት። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚበቃውን ሆርሞን ራሱ አይሠራም፤ አእምሮው የሚያድገው በአንቺው ሆርሞን ነው። የወር አበባሽ ከቀረ ውሎ ሳያድር ለሐኪም ንገሪ። በሳምንት 7 የነበረው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 9 ይደረጋል፤ ቲኤስኤችም እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ይለካል።

ለቤትሽ አዮዲን ያለው ጨው ግዢ፤ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሪው፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ። ለባልሽና ለሚወለደው ነው፤ ላንቺ ኪኒኑን አይተካልሽም።

እናትዓለም፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ። የምርመራውን ውጤት ፎቶ አንስተሽ በእህትሽ ስልክ ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ራሴ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ