ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ሹመትና ስለ አደራ

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ሕመምስ እንዴት ሆነልዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹም ትምህርታቸውን ይዘዋል። ባለፈው በስልክ ስለ ሰበካ ጉባኤው ምርጫ ሲጠይቁኝ፣ ጆሮዎ ስላስቸገረዎ ከመለስሁልዎ ውስጥ አብዛኛውን አልሰሙትም፤ ስለዚህ እኅቴ ቀስ እያለች እንድታነብልዎ ነገሩን በደብዳቤ ማስረዳቱን መረጥሁ።

እንደ ሰሙት የአጥቢያችን ምእመናን የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አድርገው መርጠውኛል። ሊቀ መንበሩ እንደ ደንቡ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ከምእመናን የተመረጥነው ደግሞ ከካህናቱና ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካዮች ጋር ሆነን እንሠራለን። ወዳጆቼ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። እርስዎ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ገንዘቡን ማን ይቆጥራል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄዎ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልዎም ለእርሱ መልስ እንዲሆን ነው።

ልጅ ሳለሁ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ የተዋጣው ገንዘብ እኛ ቤት ይቀመጥ ነበር። በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ በእንጨቱ ሣጥን ውስጥ ከጋቢዎ ሥር የሚቀመጠውን፣ ከጎኑም የአዋጪዎቹ ስም በእርሳስ የተጻፈበትን ደብተር እስካሁን አስታውሳለሁ። በአንድ የፋሲካ ዋዜማ ቅቤ ሻጩ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ እስከ ማግስቱ የሚመለስ ጥቂት ብር ከቋጠሮው እንዲያበድሯት ለመነችዎ። እርስዎም አንድ ቃል ሳይመልሱ ተነሥተው ከጎረቤት ተበድረው መጡ። ያን ያህል ገንዘብ ቤታችን ተቀምጦ ሳለ የሰው ደጅ መርገጥዎ እማዬን በጣም አስከፍቷት እንደ ነበር ያውቃሉ። የማኅበሩ ዕለት ደግሞ ጽዋው ከተነሣ በኋላ ደብተሩን ለአንዱ ሰጥተው ያስነብቡ፣ ቋጠሮውን ለሌላው ሰጥተው ያስቆጥሩ ነበር። «ኧረ አንተን ማን ይጠረጥርሃል!» እያሉ የሚያጉረመርሙ አይጠፉም፤ እርስዎ ግን ቆጠራው እስኪያልቅ እጅዎን አጣምረው ይጠብቁ ነበር።

ዛሬ ይህን የማነሣው ለውዳሴ አይደለም፤ በሹመቴ የመጀመሪያ ወራት የገጠመኝ ነገር በቀጥታ ከዚህ ጋር ስለሚገናኝ ነው። በእኛ ዘንድ ሒሳብ መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራል። አንድን ሽማግሌ «በእጅዎ ያለው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ «ሌባ ነዎት» እንደ ማለት ይወሰዳል፤ ከዚህ የተነሣ ጨዋው ሰው አፍሮ ዝም ይላል፣ ሌባውም በጨዋው ዝምታ ይጠለላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን እንዲህ ሥር የሰደደው፣ ሁሉም ሰው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ጠያቂው ከሚጠየቀው ይልቅ የሚያፍርበት ልማድ ስላለን ይመስለኛል።

የሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ምን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ምእመኑ ከካህኑ ጋር ተቀምጦ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር እንዲመክር በሕግ ቦታ ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌም የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ ዘመን የኖረችበትን የመሬት ገቢ አጣች። ያን ጊዜ የቀዳሹን፣ የመሪጌታውንና የዘበኛውን ቀለብ የሸፈነው ምእመኑ በየወሩ የሚያዋጣውና በሙዳየ ምጽዋቱ የሚጨምረው ሳንቲም ነው። ስለዚህ ከሣጥኑ የሚጎድል ብር ከወረቀት ላይ ብቻ የሚጎድል አይደለም፤ ከአንድ ዲያቆን መሶብ የሚነሣ እንጀራ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባችን ሙዳየ ምጽዋቱ በሦስት ቁልፍ እንዲዘጋ፣ ቁልፎቹም በካህናቱ፣ በምእመናኑና በወጣቶቹ ተወካዮች እጅ እንዲሆኑ፣ ሲከፈትም ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም እንዲፈርሙ ሐሳብ አቀረብሁ። ለብዙ ዓመታት ቁልፉን ለብቻቸው የያዙ አንድ አባት ነበሩና ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ፤ «ታዲያ እስከ ዛሬ ስንሰርቅ ነበር ማለት ነው?» አሉ። እኒህ ሰው በእውነት ሐቀኛ ናቸው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መጽሐፍም አዋቂ ስለሆኑ ከመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 ጠቀሱልኝ፤ በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱን ለሚያድሱት ሠራተኞች ገንዘቡን ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ሒሳብ አልተጠየቁም አሉ።

አባባ፣ ጥቅሱ ትክክል ነው፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ መክደኛውን እንደ ነደለውና በመሠዊያው አጠገብ እንዳስቀመጠው፣ ገንዘቡ በበዛም ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ታላቁ ካህን መጥተው አብረው ይቆጥሩ እንደ ነበር ተጽፏል። ታላቁ ካህን ብቻውን አልቆጠረም፤ የንጉሡ ሰውም ብቻውን አልቆጠረም። ከዚያ በፊትም ድንኳኑ በምድረ በዳ ሲሠራ፣ ሕዝቡ ያመጣው ወርቅ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል መሆኑ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 38 ሰፍሯል፤ ቆጠራው የተደረገው በሙሴ ትእዛዝ፣ በካህኑ በአሮን ልጅ በኢታምር እጅ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረው ሙሴ «እኔን ማን ይጠረጥረኛል?» አላለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ ቲቶን ብቻውን አላስያዘውም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም አብሮ ላከ፤ ምክንያቱንም ሲናገር በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጻፈላቸው።

ይሁን እንጂ ጥቅስ በጥቅስ መመለስ ሽማግሌን ከማስቀየም በቀር ሌላ ፍሬ እንደማይኖረው ገባኝ። ከሁሉ ይልቅ የረዳኝ የሳሙኤል ነገር ነው። ሳሙኤል ሸምግሎ ሕዝቡን ሲሰናበት «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ ወሰድሁ?» ብሎ ራሱ ጠየቀ እንጂ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። ከምርጫው በፊት የአዳራሹን ጥገና ዕቃ የገዛሁት እኔ ነበርሁና፣ የሲሚንቶውን፣ የሚስማሩንና የቀለሙን ደረሰኝ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ «በቅድሚያ የእኔ ይመርመር» አልሁ፤ መርማሪ እንዲሆኑም እኒያኑ አባት ለመንሁ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዷን ደረሰኝ አገላበጡ፤ አንዷ ላይ ቀኑ ስላልታየ አስፈርመውኝ ያዙ። በቀጣዩ ስብሰባ ቁልፉን አስረከቡ። ፍቅራችን ወደ ቀድሞው ተመልሷል ብዬ አልዋሽዎም፤ ሰላምታቸው አሁንም ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ የንግሥ በዓል አልፎ ሣጥኑ ሲከፈት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን አብረን ቆጠርን። ጧፍ የተንጠባጠበበት አምስት ብር፣ በላብ የረጠበ መቶ ብር፣ በወረቀት የተጠቀለለ አንድ የጆሮ ወርቅ፣ «ልጄ ከስደት በሰላም ይመለስልኝ» የሚል ስም የሌለው ጽሑፍ ነበር። ወጣቶቹ ብሩን በዓይነቱ እየለዩ በላስቲክ ሲያስሩ፣ በስእለት የገቡት ጃንጥላዎችም በቁጥር ተመዝግበው ወደ ግምጃ ቤት ገቡ። በአሁኑ ዘመን ደግሞ እርስዎ ያላወቁት ሌላ ፈተና አለ፤ ብዙ ሰው ስእለቱን በቴሌብር መላክ ይፈልጋል፣ በመተማመንም ለሚያውቀው የኮሚቴ አባል የግል ስልክ ይልካል። ወደ እኔም ተልኮ ነበር፤ በዚያው ዕለት ወደ ደብሩ ሒሳብ አስገብቼ ደረሰኙን ለላኪዋ ሰጠኋት፤ ከዚያም በማንም የግል ስልክ ምንም እንዳይገባ በጉባኤ አስወሰንሁ። የቋጠሮው ነገር ትዝ ቢልዎ አይገርመኝም።

በከተማችን ስለ መሪነት የሚሰጡ ሥልጠናዎች በዝተዋል፤ በአንዱ ተገኝቼም ነበር። ስለ ራእይ፣ ስለ ንግግር ችሎታ፣ ሰውን ስለ ማነሣሣት ብዙ ተባለ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠን። ክፉ ነው አልልም፤ ነገር ግን ማታ ቤት ገብቶ የሌላውን ሰው ገንዘብ ከራሱ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ክርስቲያን አንድም ቃል አልሰማሁም። የክርስቲያን ጠባይ የሚሠራው በመድረክ ላይ ሳይሆን ማንም በማያይበት ሰዓት ነው ብለን ሁላችንም እንናገራለን፤ እኔ ግን በዚህ ላይ የምጨምረው አለ፤ ማንም ያላየውን ነገር ራሱ አውጥቶ የሚያሳይ ሰው ከሁሉ ይልቅ ይታመናል። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭም ያው ነው። በመሥሪያ ቤታችን ያላደሩበትን ሌሊት ውሎ አበል መሙላት እንደ ደንብ ተለምዷል፤ እሑድ የሙዳየ ምጽዋት ቃለ ጉባኤ የሚፈርም እጅ ሰኞ ያንን ቅጽ ቢሞላ፣ የእሑዱ ፊርማ ምን ዋጋ አለው?

አሁን ምክርዎን የምሻበት አንድ ጉዳይ አለ። ከአገልጋዮቻችን አንዱ ልጃቸው ታሞባቸው የሦስት ወር ደመወዝ በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ደንቡ ይህን አይፈቅድም፤ ሰውየው ግን በእውነት ተቸግረዋል፣ ገንዘቡም በባንክ አለ። እኔ ያሰብሁት የጉባኤው አባላት ከየኪሳችን አዋጥተን እንድንሰጣቸውና የደብሩ ገንዘብ እንዳይነካ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን «ቤተ ክርስቲያን ለአገልጋይዋ ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው?» ይላሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። እርስዎ በማኅበሩ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት እንደ ሆነና ምን እንዳደረጉ ለእኅቴ ይንገሯትና ትጻፍልኝ፤ ስብሰባው በወሩ መጨረሻ ስለሆነ ባይዘገይ ደስ ይለኛል። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለኅዳር ሚካኤል ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ የጉልበትዎን ቅባትም ያን ጊዜ አመጣልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ