ጉዳዩ፦ «የአገሬው ሰው የሚበላበት» ተብሎ ቃል ስለተገባልን ራት

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

የጉዞውን ዝርዝር አልደግመውም። ፋይሉ እናንተ ጋ አለ፤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲመላለስ ስለከረመም ሁላችሁም ሳታነቡት አልቀራችሁም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ለራቱ የከፈልኩት ጭማሪ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ባለፈው ሐሙስ በስልክ የተነገረኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስልኩን ያነሳው ባልደረባችሁ ጉዳዩን ከሥሩ እንዳስረዳው ጠየቀኝ፤ አስረዳሁት። «የሚመለከተው ሰው» ጋ አስተላለፈኝ። የሚመለከተውም ሰው ከሥሩ ጀምሪልኝ አለኝ። ጀመርኩለት። ጨርሼ መልስ ስጠብቅ «እህቴ፣ ራት ቀርቦልሻል አይደል? በልተሻል አይደል? ታዲያ የምን ገንዘብ ነው የሚመለሰው?» አለኝ። ክፍያውን እስክጨርስ ድረስ እኮ «እርስዎ» ነበርኩ።

አዎ፣ በልቻለሁ። የከፈልኩት ግን ለመጥገብ አይደለም፤ ለመጥገብማ የሆቴሉ ቁርስ ይበቃኝ ነበር። የላካችሁልን የጉዞ መርሐ ግብር ስለ መጨረሻው ምሽት «የአገሬው ሰው የሚበላበት፣ ቱሪስት የማያውቀው ቤት» ይላል። በደማቅ ጽሑፍ። ከመደበኛው ጉዞ በላይ ጭማሪ የከፈልነውም በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ነው።

የተወሰድንበትን ቤት ልንገራችሁ። የከተማው ትልቁ አደባባይ ላይ፣ ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት ሐውልት ፊት ለፊት ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው አላፊ አግዳሚውን በየቋንቋው ይጣራል። ሜኑው በላስቲክ የተለበጠ፣ የእያንዳንዱ ምግብ ፎቶ ያለበት፣ የአምስት ስድስት አገር ባንዲራ የተደረደረበት ነው። እሱንም ያየሁት ከጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለእኛማ «ለቡድን የተዘጋጀ አለ» ተብሎ በወጉ ሳንቀመጥ ሳህኑ ደረሰ። ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ደረታቸው ላይ የቡድን ቁጥር የለጠፉ እንግዶች ነበሩ። ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል! በዚያ ከተማ ሰው ከ3 ሰዓት በፊት ራት አያስብም። የአገሬው ሰው ምናልባት እኛ ሆቴል ገብተን ከተኛን በኋላ መጥቶ ይሆናል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ።

አስጎብኚያችን አብሮን አልተቀመጠም። «አንተስ አትበላም?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ ክፋት የለውም፣ እውነቱን ተናገረ፤ «እኔ ከጀርባ ካለችው መንገድ ነው የምበላው፣ እዚህ አልበላም» አለኝ። ከራት በኋላ ሄጄ አየኋት። በሯ ላይ የሚጣራ ሰው የለም፤ የዕለቱ ምግብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፣ ዓይነቱ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ውስጥ የሚሰማው የአገሩ ቋንቋ ብቻ ነው። ቦታ ሞልቶ ስለነበር ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል ተባልኩ። የከፈልናችሁ ታዲያ ይህንን እንድታደርጉልን አልነበረም?

ሥራ አስኪያጁ በኢሜይል የሰጡኝ መልስ «ሬስቶራንቱ በኢንተርኔት ከፍተኛ ነጥብ ያለው ነው» የሚል ነው። ከአክብሮት ጋር፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ የሚኖርባትን የጓሮ ጎጆ ምግብ ቤት ናት ብሎ መንገደኞች ስለ ሆቴልና ምግብ ቤት አስተያየት በሚጽፉበት ድረ ገጽ፣ ትሪፕአድቫይዘር ላይ አስመዝግቦ፣ አንድም ሰው ሳይመገብባት በሐሰተኛ አስተያየቶች ከከተማዋ አንደኛ አድርጓታል። የእናንተንም ቤት አስተያየቶች አንብቤያቸዋለሁ። ኮከብ የሚያዘንቡት ለአንድ ምሽት ያለፉ መንገደኞች ናቸው። በአገሬው ቋንቋ የተጻፉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱን ወደ አማርኛ መልሳችሁ ለሥራ አስኪያጁ ብታነቡላቸው ደስ ይለኛል። ለምግብ ቤቶች ኮከብ የሚሰጠው መጽሐፍ፣ የሚሽሊን መርማሪዎች ማንነታቸውን ሳይናገሩ ገብተው፣ ሂሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው ነው የሚፈርዱት። እናንተ ይህን ቤት የመረጣችሁት ማን በልቶበት፣ ማን ከፍሎ ነው? ቡድን ላመጣ ኮሚሽን የሚሰጡ ቤቶች እንዳሉ ማንም የሚያውቀው ነው። ከእነዚያ አንዱ መሆኑንና አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበለን የነበረው መኪና ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን እስክንሰለች ዘግይቷል። «የተመረጡ ምግብ ቤቶች ካርታ» ብላችሁ የላካችሁት ማስፈንጠሪያ አይከፈትም፤ ዛሬም ሞክሬዋለሁ። ስሜ ደረሰኙ ላይ በስህተት መጻፉን ደጋግሜ ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም። እነዚህን ሁሉ በትዕግሥት አልፌ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የራቱን ጭማሪ ብቻ ነው፤ ያኔ መልሳችሁ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ግን ገንዘቡ ለእኔ ብቻ ሳይሆን አብረውኝ ለተጓዙት ሁሉ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። የኮሚሽኑ ጥያቄ በአዎ ወይም በአይደለም፣ በፊርማና በማኅተም እንዲመለስልኝ፤ ሐሙስ ያነጋገረኝ ባልደረባችሁም በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። «እርስዎ» ብሎ።

ደብዳቤውን ልጨርስ ስል ደግሞ ገጻችሁን ከፍቼ አየሁት። በዚያው ራት ላይ አስተናጋጁ ያነሳን ፎቶ «የአገሬውን ጣዕም ከእኛ ጋር ያጣጥሙ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ለማስታወቂያ ወጥቷል። ከግራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። ፎቶው ዛሬውኑ ይውረድ። ሌላው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ ይህን ደብዳቤ ከደረሰኞቹና ከመርሐ ግብሩ ጋር አያይዤ ለሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጨረሻው ምሽት ራት ተመጋቢ ደንበኛችሁ