ስለ ሁለተኛው መጽሐፋችን፤ ከደሴ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብህስ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከደሴ ብርድ በቀር የሚያስከፋኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ብዙ ዘመን ሳንጻጻፍ ቆይተናል። በተማሪነታችን ዘመን አብረን የጻፍነውን፣ በጦሳ ተራራ ሥር ስለተሰወረው የአስማት ዩኒቨርሲቲ የሚተርከውን ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል ጀምሬአለሁና ያላንተ ምክር ልጨርሰው አልፈልግም።

የመጀመሪያው ክፍል የት ላይ እንዳበቃ ታስታውሳለህ። ተማሪዋ የቅኔውን ምሥጢር ተምራ ስትወጣ፣ አብሯት የገባው ጓደኛዋ አብሾ ጠጥቶ አእምሮውን እንደሳተ እዚያው ቀረ። አንባቢ አሁን የሚጠብቀው እሷ ተመልሳ እንድታድነውና ከበፊቱ የከፋ ጠላት እንዲነሣ ነው። እኔ ግን ሁለተኛው መጽሐፍ መጠየቅ ያለበት ጽዋውን ማን እንደሰጠው ነው ብዬ አምናለሁ። በአብነት ተማሪዎች ወግ አብሾ የጠጣ ሰው የሰማውን አይረሳም፤ ነገር ግን መጠኑ ካለፈ ወይም በላዩ ጠጅ ከጠጣበት ያሳብደዋል ይባላል። የዕውቀትን ዋጋ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን እያለ ከባዕድ አገር ጭራቅ የምንዋስበት ምክንያት አይታየኝም። ስለዚህ ተማሪዋ አሁን የምትመለሰው መምህርት ሆና ነው፤ ጽዋውን ለአዲስ ገቢዎች የመቅዳቱ ተራም የእሷ ይሆናል። ሴት የቅኔ መምህርት መሆኗን የሚጠራጠር ካለ፣ በጎጃም ማየት የተሳናቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ያስተምሩ እንደነበር ንገርልኝ።

የአስማቱን ሕግ አልለወጥሁትም። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና በር ይከፍታል፤ መወድስ የደረሰው ደግሞ የሞተ ሰው ድምፅ ያሰማል። ሰሙን ብቻ የሰማ ምንም አይደርስበትም፤ ወርቁን የፈታ ግን በቅኔው ይያዛል።

በጣም የደከምሁበት ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። የድሮ ደብተራዎች የክታብ ጥቅል ሲሠሩ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጁት እንደነበር ታውቃለህ፤ ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው ነው። በእኛም ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ገቢ በቁመቱ ልክ የተሠራ ክታቡን ለትምህርት ቤቱ አስረክቦ ይገባል። መምህርቷ አንድ ሌሊት የጓደኛዋን ክታብ ከተሰቀለበት አውርዳ ከራሷ ጋር ስታስተያየው ከደረቷ በታች አይደርስም። ከግርጌው ያለው የቢላዋ ምልክት ቀጥ ያለ ነው፤ በቀይ ቀለም ከተጻፈው ስም ላይም ግማሹ ፊደል አብሮ ተቆርጧል። ቀሪውን ፍለጋ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስትገባ፣ የመጻሕፍቱ ቅጠሎች በሙሉ ከተማሪዎች ክታብ እየተቆረጡ የተሰፉ መሆናቸውን ታያለች።

አንተ ድሮ ትምህርት ቤቱ በእሳት እንዲያልቅ ትሟገት ነበር። አሁንም እንደዚያ የምታስብ ከሆነ እባክህ ይህን ምዕራፍ አንብበህ ፍረድ፤ መጻሕፍቱ ከተቃጠሉ በውስጣቸው ያሉት ልጆችም አብረው ይቃጠላሉ። ደግሞም የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በዚህ አገር ስንት መጽሐፍ አመድ እንዳደረገ እያወቅን ቃጠሎን እንደ ድል መጻፍ አልሆነልኝም። የእኔ መምህርት ስፌቱን በመርፌ እየፈታች ቁራጩን ሁሉ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ሥራው ረጅም ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ዝም ብሎ አያያትም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ታሪኩን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ እናድርገው የሚል አሳብ ነበረህ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም እስካሁን የሚነገርለት ቦታ ስለሆነ ፈተናው ይገባኛል፤ ዳሩ ግን ሰው የሚሳለመውን ደጅ የጨለማ ትምህርት ቤት ማድረግ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ጦሳና ከአዝዋ ገደል የሚወጣው ጉም ይበቁናል።

አንድ ነገር ግን ያለ አንተ አይሆንም። ወሎ የቅኔ ብቻ አገር አይደለችም፤ ሼሆቿ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የደረሱባት ናት። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ክንፍ ያስፈልገዋል፣ መርፌውንም ለመምህርቷ የሚሰጡት የዚያ ክንፍ ሼህ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። አንተ በአያትህ እግር ሥር ቁርኣን ስትቀራ ያደግህ ስለሆንህ ያንን ምዕራፍ አንተ ብትጽፈው ደስ ይለኛል፤ የእንጨት ሰሌዳው እንዴት እንደሚታጠብ፣ ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ፣ ልጆቹ በሌሊት በምን ብርሃን እንደሚቀሩ እኔ በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቅም።

የጨረስኋቸውን ምዕራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ከሦስተኛው ጀምር። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ
ከደሴ