«0.00 ሰከንድ» የሚፈጅ ፕሮግራም የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚቀርብበት ሰሞን በየኮሌጁ፣ ጨረታ ሲወጣም በየመሥሪያ ቤቱ «ሲስተማችን ፍለጋውን በ0.00 ሰከንድ ይጨርሳል»፣ «ከቀድሞው 3 እጥፍ ይፈጥናል» የሚል ሠንጠረዥ ይቀርባል። አንዳንዱም ወደ ጋዜጣ ገጽ ይደርሳል። በየትኛው የሰዓት መለኪያ፣ ስንት ጊዜ ተደጋግሞ፣ በምን ዓይነት ማሽን እንደተለካ ግን አይጻፍም። ይህ ካልተጻፈ ደግሞ ቁጥሩን የሚያጣራበት መንገድ ለማንም የለም።

የ0.00 ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠው ሰዓት ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ጀማሪዎች ከፈንክሽኑ (አንድ ሥራ ከሚሠራው የኮድ ክፍል) በፊትና በኋላ «ታይም.ታይም»ን ጠርተው ልዩነቱን ይወስዳሉ። ይህ ቀንና ሰዓት የሚነግረው የኮምፒውተሩ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር እያመሳከረ ያስተካክለዋል፤ ማስተካከያው በልኬቱ መሃል ከገባ ውጤቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚያ ላይ ከ3.13 በፊት ባሉት የፓይተን እትሞች፣ ዊንዶውስ ላይ ይህ ሰዓት የሚራመደው 15.6 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺኛ) ገደማ እየዘለለ ነው። 2 ሚሊሰከንድ የሚወስድ ፈንክሽን ወይ 0 ወይ 15.6 ሆኖ ይመዘገባል፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ከእትም 3.3 (2012 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው «ፐርፍ ካውንተር» ነው። ወደ ኋላ አይመለስም፣ እርከኑም እጅግ ደቃቅ ነው። ጃቫ በተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ «ናኖታይም» ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል።

ሰዓቱ ቢስተካከልም ገና ነው። እዚህ ጅማ ቡና የሚያስረክብ ሰው አንዲት ፍሬ በኩንታል ሚዛን ላይ አያስቀምጥም፤ ተረካቢውም የጆንያውን ክብደት ሳይቀንስ አይከፍልም። ጥቂት ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) የሚወስድ ፈንክሽንም እንዲሁ ነው፤ በሉፕ (ኮድን ደጋግሞ በሚያስኬድ ትእዛዝ) 100,000 ጊዜ አስጠርቶ ጠቅላላውን ለ100,000 ማካፈል ያስፈልጋል። «ታይምኢት» የተባለው የፓይተን መሣሪያ ይህን ይሠራል፤ ኮድ ውስጥ ሲጠራ ሌላ ካልታዘዘ 1,000,000 ጊዜ ይደግማል፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩንም (ከጥቅም ውጪ የሆነ ሜሞሪ የሚያጸዳውን ክፍል) ለጊዜው ያጠፋል። የጆንያውን ክብደት ግን አይቀንስም። ፈንክሽኑ በጣም ትንሽ ከሆነ ባዶውን ሉፕ ለብቻ ለክቶ መቀነስ የለኪው ድርሻ ነው።

ይህንኑ 5 ወይም 7 ጊዜ ደጋግሞ ትንሹን ውጤት መውሰድ ይበጃል። ከበስተጀርባ የሚሠራ አንቲቫይረስም ሆነ ሌላ ፕሮግራም ጊዜውን የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይደለም፤ ስለዚህ ለኮዱ እውነተኛ ዋጋ የሚቀርበው ትንሹ ነው። ተጠቃሚው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለማወቅ ሲፈለግ ግን መካከለኛውና ትልቁም ይጻፉ። የመጀመሪያው ጥሪ ሁልጊዜ ለብቻው ይመዝገብ፤ ኮዱ ፋይል የሚያነብ ከሆነ ፋይሉ ከዲስክ የሚነበበው ያኔ ነው፣ በቀጣዮቹ ግን ከሜሞሪ ይመጣል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ሌላ ወጥመድ አለ። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲግልም እንዲሁ። አሮጌውን ኮድ በባትሪ፣ አዲሱን በመብራት የለካ ሰው ያወዳደረው ኮዶቹን አይደለም። ሁለቱን እያፈራረቁ መለካት፣ አንዴ አሮጌውን አንዴ አዲሱን፣ ይህን መዛባት በእጅጉ ይቀንሰዋል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ ግን ልኬቱ ከመጀመሪያው ይደገም።

ከማፋጠን በፊት ጊዜው የት እንደሚጠፋ ማወቅ ይቅደም። «ፐርፍ ካውንተር» 4 ሰከንድ፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ ብቻ የሚቆጥረው «ፕሮሰስ ታይም» ደግሞ 0.3 ሰከንድ ካሉ፣ ፕሮግራሙ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ ዳታ ቤዝ ወይም ኔትወርክ፣ እየጠበቀ ነው፤ ፈንክሽኑን መጠምዘዝ ፋይዳ የለውም። «ሲፕሮፋይል» የተባለው የፓይተን መሣሪያ እያንዳንዱ ፈንክሽን ራሱ የፈጀውንና የጠራቸው ሌሎች የፈጁትን ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ የራሱን ጊዜ ስለሚጨምር ሚሊዮን ጊዜ የሚጠራ ትንሽ ፈንክሽን ከልኩ በላይ ከብዶ ይታያል። ቦታውን ለመጠቆም እንጂ ለሪፖርት ቁጥር አይሆንም። ከ10 ሰከንድ ውስጥ 5 በመቶ የሚወስድን ፈንክሽን ጨርሶ ብናጠፋው እንኳ ፕሮግራሙ 9.5 ሰከንድ ይወስዳል።

የዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲደርሰው የተለካው በስንት መዝገብ (በስንት የመረጃ ረድፍ) እንደሆነ ጠይቆ አብሮ እንዲያትም ነው። እያንዳንዱን መዝገብ ከእያንዳንዱ የሚያነጻጽር ፕሮግራም በ100 መዝገብ 10,000 ጊዜ ያነጻጽራል። በ100,000 መዝገብ ግን 10 ቢሊዮን ጊዜ።

ከአክብሮት ጋር፤
የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከጅማ