የአንደኛ ክፍላችን ጣራ ቀርቷል፣ መስከረም ደግሞ ደርሷል

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

ሰላማችሁ ይብዛ። ይህን ጥሪ የምንጽፈው ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ምዝገባ ተጀምሯል። እናቶች ሰባት ዓመት የሞላቸውን ልጆች እጃቸውን ይዘው እየመጡ ነው። የአንደኛ ክፍል መዝገብ ላይ እስካሁን 70 ስም ሰፍሯል። የሚገቡበት ክፍል ግን የለም።

ብዙዎቻችሁ ወሬውን ሰምታችኋል። ላልሰማችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ። እኛም እናንተም ፊደል የቆጠርንበት አሮጌው የጭቃ ክፍል በመጋቢት በተነሣ ነፋስ ጣራው ተገንጥሎ ሄደ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። ልጆቹ የቀረውን ጊዜ ዋርካው ሥር ተማሩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ጣራ የሌለው የጭቃ ግድግዳ በወሎ ክረምት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አይነገርም። ሐምሌ ሳይጋመስ አንዱ ጎን ተናደ። ልጆች እየገቡ ስለሚጫወቱበት ፈርተን ቀሪውን እኛው አፈረስነው።

ከጎኑ የጀመርነው የብሎኬት ክፍል ግን ቆሟል። መሠረቱ አልቋል። ግድግዳው ሙሉ ነው። በሩና መስኮቶቹ ተገጥመዋል። የቀረን ጣራውና ወለሉ ነው። የ60 ቆርቆሮ ቤት ነው። ከዚያ ላይ የጣራ እንጨት፣ ምስማር፣ ለወለሉ ሲሚንቶና አሸዋ አለ። ገንዘቡ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ወደ ሒሳባችን የገባው የሁለት ቀን የአናጺ ዋጋ እንኳን አይሸፍንም።

«ልጆቹን ሌላ ክፍል ለምን አታስገቧቸውም?» ያላችሁን አላችሁ። ሌሎቹ ክፍሎች በሙሉ በሁለት ፈረቃ የተያዙ ናቸው። መስፈርቱ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ እኛ እሱን ካለፍን ቆይተናል። ደግሞም አንደኛ ክፍል የትም ተቀምጠው የሚማሩት አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ብታዩ ይገባችሁ ነበር።

ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ጆንያውን ነው። መምህርቷ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትራ፣ አጥባ፣ ዓመቱን በሙሉ ሥላበታለች። አሥራ ሦስቱ ወራት አሉ። ክረምት፣ መፀው፣ በጋና ጸደይ በአራት ቀለም ተለይተዋል። ተረኛው ልጅ ይነሣና የዕለቱን ቀን በስንደዶ ይጠቁማል። ሌሎቹ አብረው ይቆጥራሉ። ጳጉሜን ለመቁጠር አንድ እጅ ይበቃል። በየአራት ዓመቱ ስድስት ስትሆን ግን ከሌላኛው እጅ አንድ ጣት ይበደራሉ።

ጆንያው ላይ ጨረቃ አልተሣለችም። ከካርቶን ተቆርጣ በመርፌ ቁልፍ ነው የምትያዘው። ዒድና መውሊድ ከጨረቃ ጋር ስለሚሄዱ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ይመጣሉ። መስቀልና ጥምቀት ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ጨረቃዋ ግን በየዓመቱ ትነሣለች። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ከገባው የጎረቤቱ በዓል መቼ እንደሆነ አይጠፋውም። በገና ማግስት ሙስሊሞቹ ልጆች «እንኳን አደረሳችሁ» ሲሉ፣ በዒድ ማግስት ደግሞ ክርስቲያኖቹ «ዒድ ሙባረክ» ሲሉ የሚሰማ ሰው ወሎ ምን እንደሆነ ያስታውሳል። ይህን ልጆቹ የሚለምዱት አንድ ዴስክ ላይ አብረው ሲቀመጡ ነው።

ቁጥር የሚማሩት በቆርኪ ነው። ከሻይ ቤቶች የተለቀመ ቆርኪ ተበስቶ አሥር አሥሩ በክር ተሰክቷል። አሥር ዘለላ ሲሆን መቶ ነው። ፊደል ደግሞ ከቤት ይመጣል። ገ ሲማሩ ገብስ፣ ጠ ሲማሩ ጤፍ፣ ጨ ሲማሩ ጨው በወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ መለየት ለሕፃን ቀላል አይደለም። ያመጣውን እፍኝ ጤፍ ጠ ከምትለው ካርቶን ሥር ያስቀመጠ ልጅ ግን ጠን አይረሳም። እኛ አይተነዋል።

በዓል ሲመጣ ክፍሉ ሌላ ይሆናል። መስከረም ላይ ሴቶቹ ልጆች አደይ ይዘው ይመጣሉ። ወንዶቹ ደብተር ቀደው ፀሐይና አበባ ይሥላሉ። ሥዕሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ሲባጎ ላይ ይሰቀላል። ኅዳር 12 ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። ያን ቀን በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ስለጨረሰው የኅዳር በሽታ ይነገራቸዋል፤ ስለ እጅ መታጠብም አብሮ ይነሣል። ታኅሣሥ ላይ ለገና ጨዋታ ሩሩና ቆልማማው እንጨት ይወጣል፤ ግቢው አቧራ በአቧራ ይሆናል።

የካቲት 23ን ግን ለብቻው እናንሣው። ለኛ ልጆች አድዋ ሩቅ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ነው። በ1888 ጦሩ የተሰበሰበው ወረኢሉ ላይ ነው። ልጆቹ ከካርቶን ጋሻ ሠርተው ከዋርካው እስከ በሩ ይሰለፋሉ። «አያቴ ዘምቷል» የማይል የለም። አያት ሳይሆን ምንጅላት ነው ብሎ የሚያርም ደግሞ አይጠፋም። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን መስከረም ላይ እርሳስ መያዝ የማይችል የነበረው ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ ስሟን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። በዚህ ቀን ያለቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ስማቸው ተጽፎ አይተው የማያውቁ ናቸው።

ባለፈው ሰኔ የወላጆች ቀን አልነበረም። ዋርካው ሥር ጆንያውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ የለም። ከብት ባለፈ ቁጥር ልጁ ሁሉ ዞሮ ያያል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ደብተራቸውን በጉያቸው ሸጉጠው ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። ከሚያዝያ በኋላ ጭራሽ የቀሩ አሉ። ቤታቸው ድረስ ሄደን ወላጆቻቸውን አነጋግረናል። «ክፍሉ ሲሠራ እንልካለን» አሉን። አባት ልጁን ከብት ጠባቂ ካደረገው በኋላ ለማስመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንናገር። በየቡናው የሚነሣውን ጥያቄ ሰምተናልና እዚሁ እንመልስ።

መጀመሪያ «መሠረት ላይ ብዙ ገንዘብ ቀበሩ» የተባለው ነው። መሬቱ መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀው መሠረቱ ጥልቀት ስለሌለው ነው። ስለዚህ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ አስቆፍረን በድንጋይ ሞላነው። ያ ድንጋይ ዛሬ አይታይም፤ ግድግዳውን ያቆመው ግን እሱ ነው። ይህን ክረምት ጣራ ሳይኖረው ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ አንድም ስንጥቅ አላወጣም። መጥታችሁ እዩት።

ሁለተኛው «ለምን በታቀደው ገንዘብ አላለቀም?» የሚለው ነው። ዕቅዱ የተሠራው ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። በዚያ ወር የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮና የብረት ዋጋ ምን እንደሆነ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። ለጣራው የያዝነው ገንዘብ ግማሹን ጣራ እንኳን የማይሸፍን ሆነ። ስለዚህ ሳይረክስብን በሩንና መስኮቶቹን ገዛንበት። ዛሬ ብንገዛቸው ኖሮ በዚያ ዋጋ አናገኛቸውም።

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ ታረደ ስለሚባለው በግ። ግድግዳው ያለቀ ቀን ለግንበኞቹ የታረደውን በግ አንድ ወላጅ ከቤቱ ያመጣው ነው። ከሕዝብ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። የኮሚቴው አባላት አበል አንወስድም። ደሴ ወርደን ዋጋ ስንጠይቅ የትራንስፖርቱን የምንችለው ከኪሳችን ነው። ደረሰኝ ሁሉ በፋይል ተይዟል። ማየት የሚፈልግ በሥራ ቀን ትምህርት ቤቱ መጥቶ ማገላበጥ ይችላል።

ወረዳው የመምህራንን ደመወዝ ይከፍላል። የድጎማው ገንዘብ ጠመኔ፣ ወረቀትና ትንሽ ጥገና ላይ ያልቃል። ትምህርት ሚኒስቴርም ትምህርት ለትውልድ ብሎ ንቅናቄ ሲጀምር ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን በእጁ እንዲያሻሽል ነው የጠራው። እኛ ደግሞ ይህን ለማድረግ ጥሪ የጠበቅን ሰዎች አይደለንም። አሮጌው ክፍል የቆመው መሠረተ ትምህርት በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር አባቶቻችን በደቦ ጭቃ ረግጠው ነው። ቀን አርሰው ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጥረውበታል። በ2014 ጦርነቱ ሲያልፍብን ዴስኮቻችን ማገዶ ሆነው አልቀው ነበር። ማን ሠራቸው? የየቅሬው፣ ማለት የየዕድሩ ሰው ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ አናጺዎቻችን በነፃ ሠርተው ነው። መጸዳጃውና አጥሩ የተሠሩትም በዚሁ ሕዝብ ነው። የውሃ ታንከሩን ያስገባው ከቤይሩትና ከጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የላኩት ገንዘብ ነው። እነሱን በተለይ እናመሰግናለን። ከደመወዛቸው ላይ ቆርሰው እንደላኩ አንረሳም።

እንደዚያ የሰጠን ሕዝብ ዘንድ እንደገና መምጣት ከባድ ነው። ደክሞናል ብንል አንዋሽም። ከመካከላችን ስልክ ሲደውል የማይነሣለት የሆነ አለ፤ «ኮሚቴው መጣ» ተብሎ መንገድ የሚቀየርበትም አለ። ኑሮው እንደከበደ እናውቃለን። ግን 70 ሕፃን ይዘን ዝም ማለት አልቻልንም።

ሸኻችን በጁምዓ እንዳሉት ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከማይቋረጡት መካከል ሰደቀቱል ጃሪያ (ቀጣይ ምጽዋት) እና የሚጠቅም ዕውቀት አሉ። ለክፍል ግንባታ የሚሰጥ ብር ሁለቱንም ነው። ቄሳችንም እሑድ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናግረዋል፤ የዓመቱን ስእለቱን ለዚህ ክፍል ያደረገ ምእመን አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ሙስሊሙ ድንጋይ ተሸክሟል። መስጊዱ ሲሠራ ክርስቲያኑ እንጨት አቅርቧል። ይህ ክፍል የሁለቱም ልጆች የሚገቡበት ነውና ማንም ወደ ኋላ የሚልበት ምክንያት አይታየንም።

የምንጠይቀው አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ነው። የምንገዛው ወፍራሙን፣ 28 ጌጁን ነው። ስሱን ነፋሱ እንዴት እንዳደረገው አይተናል። የአንዱን የሰሞኑን ዋጋ በየሳምንቱ ሰኞ እናሳውቃለን። ሙሉ ቆርቆሮ የማይችል ለሁለት ለሦስት ሆኖ ይግዛ። የሚችል አምስትም አሥርም ይያዝ። ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፍ፣ ሲሚንቶ የሚያገኝ ሲሚንቶ በኩንታል ያምጣ። ምንም የሌለው ጉልበት አለው፤ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቆም ለጣራው ሰው ያስፈልገናል። አናጺዎቹ ቀን ቆርጠው ሰጥተውናል።

የአከፋፈሉን ነገር አደራ። ሒሳቡ የተከፈተው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በትምህርት ቤቱ የግንባታ ኮሚቴ ስም ነው። የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፊርማ ነው፤ አንዱ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ አንዱ ከቅሬዎቹ፣ አንዱ ርእሰ መምህሩ። የሒሳብ ቁጥሩ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ አለ፤ ደብዳቤው ከዚህ ጥሪ ጋር ተያይዟል። ቁጥሩን ከዚያ ብቻ ውሰዱ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው የባንክ ሒሳብ ነው የምታስተላልፉት። ምክንያት በሚለው ቦታ «አንደኛ ክፍል» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። አለበለዚያ ማን እንደላከ አናውቅም፤ ስማችሁም ዝርዝሩ ላይ አይወጣም።

በማንም ግለሰብ ስም ገንዘብ አትላኩ። የኮሚቴ አባል ነኝ ብሎ የግሉን ሒሳብ የሚሰጣችሁ ካለ አባላችን አይደለም። በእጅ የምትሰጡ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ውጭ አገር ያላችሁ በባንክ ላኩ፤ በቤተሰብ በኩል ከሆነ ቤተሰቡ በስማችሁ ገቢ ያድርግና የገቢ ወረቀቱን ፎቶ ይላክልን።

እንደገና እንላለን፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በግንባታ ኮሚቴው ስም፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ ባለው ቁጥር፣ ምክንያቱ «አንደኛ ክፍል»። የገባውንና የወጣውን በየወሩ መጨረሻ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና በተወላጆች ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። የመጀመሪያው ዝርዝር የሚወጣው ጳጉሜን ላይ ነው። እስከዚያ የላካችሁ ስማችሁን ፈልጉት፤ ካጣችሁት ደውሉልን።

የትምህርት ቤቱ የግንባታ ኮሚቴ
ደቡብ ወሎ