«ፓርኪንሰን መድኃኒት ተገኘለት» ለሚለው ርዕሳችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የጤና ዓምድ ላይ፣ ማይክሮ አርኤንኤ በተባለ ደቃቅ ሞለኪውል እጅ የሚያንቀጠቅጠውን የአንጎል በሽታ ለማከም ስለሚደረገው ምርምር ስትጽፉ «ፓርኪንሰን መድኃኒት ተገኘለት» ብላችኋል። እኔ በሸዋ ሮቢት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁ እዚህ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር እኔ ሳላነበው ወሬው አጎቴ ቤት ደርሷል። የአጎቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። አክስቴ ገና ሳልቀመጥ «እንግዲያው የድሮውን ክኒን ይተዉት?» ብለው ጠየቁኝ።

ግኝቱን አላጣጥልም። ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ደቃቃ ትል ላይ ይፋ ያደረጉት ማይክሮ አርኤንኤ በ2024 ኖቤል አሸልሟቸዋል። ርዝመቱ 22 ያህል የዘረ መል «ፊደል» ነው። ሴል ፕሮቲን የሚሠራው ከዘረ መል በተቀዳ መልእክት ሲሆን፣ ማይክሮ አርኤንኤው መልእክቱ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያስቆመዋል። የእኛ ሽንኩርት አምራች ቦዩን በአካፋ አፈር ሲደፍነው ማለት ነው፤ ወንዙ አልደረቀም፣ ማሳው ግን አይጠጣም። ሚር-7 የተባለው ማይክሮ አርኤንኤ በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል የሚከማቸውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ይቀንሳል። ይህ የታየው በቤተ ሙከራ ሴሎችና በአይጦች ላይ ነው። ጽሑፋችሁም ይህን ይናገራል፤ ያውም በመጨረሻው አንቀጽ!

አንድ ማይክሮ አርኤንኤ የብዙ ዘረ መሎችን መልእክት ስለሚነካ፣ አንዱን ቦይ ልዝጋ ሲሉ ሌላው አብሮ ሊደፈን ይችላል። ደም ውስጥ የገባ መድኃኒት ሁሉም ወደ አንጎል አያልፍም። እንደ ማይክሮ አርኤንኤ የዘረ መልን መልእክት በማስቆም የሚሠራውና እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒት፣ ነርቭን የሚጎዳ አንድ የዘር በሽታ ያክማል። የተሳካለት ጎጂው ፕሮቲን በብዛት የሚመረተው ጉበት ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ጉበት ደግሞ ለመድኃኒቱ ቅርብ ነው።

አጎቴ የሚወስዱት የድሮ ክኒን ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ነው። በሽታውን አይነቅልም፤ ነገር ግን ሲውጡት የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ። እዚህ ሲጠፋ ደብረ ብርሃን ሰው እንልካለን። ድንገት ማቋረጡ ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ አክስቴ ባይጠይቁኝ ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ እርማቱን በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ሌቮዶፓ የሚወስዱ ሰዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጡም ጨምራችሁ ጻፉ። ወደፊት በአይጥ የታየውን ስትዘግቡ «በአይጥ» የምትለዋ ቃል ርዕሱ ላይ ትግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ሰሜን ሸዋ